ጥቁር ያፈራው ስናር

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ የጣሊያኑን የማኪና መንገድ ወደ ግራ ለቆ ግማሽ ቀን አቀበት ለሄደ ሰው ጋሻ ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። ደጋ ናት፤ ከገብስና ከባቄላ በቀር እምብዛም የሚበቅልባት የለም። እዚያች መንደር ውስጥ ንብረት የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት።

ንብረት የሚታወቀው በአውድማ ላይ ነበር። ሌላው ሰው ነፋስ ጠፋ ብሎ ሲቀመጥ፣ እሱ ጥቂት ዞር ይልና ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ የማዝሪያ ላይዳውን ያነሣል። ገለባው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። የሱ እጅ ያዘራው እህል ጠጠር እንጂ እብቅ አይገኝበትም ይባል ነበርና፣ ምርት በደረሰ ጊዜ የማይጠራበት ደቦ አልነበረም። ሚስቱ የዓለምወርቅ ከወገራ የመጣች፣ ከሱ ይልቅ ተናጋሪ፣ ዓይኗ ምንም ነገር የማያልፈው ሴት ናት። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አዝመራ የምትባል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅና ገና ጡት ያልጣለች አገኘሁሽ።

የአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት እንደ ሌላው አልነበረም። ሰኔ ላይ የያዘው ዝናብ መስቀል አልፎ፣ ጥቅምት ተጋምሶ አላቋርጥ አለ። የንብረት ትልቁ ማሳ ረግረጉ ዳር ነበርና ገብሱ ውኃ ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ ቀረ። በገብሱ ፈንታ ስናሩ ገነነ። ስናር ከገብስ ጋር ሁልጊዜም ይበቅላል፤ የጋሻ ሜዳ ሰው እንደ አረም ቢቆጥረውም ነቅሎ አይጨርሰውም፣ አብሮ አጭዶ አብሮ ይበላዋል። ያን ዓመት ግን ማሳው ሁሉ ስናር ሆነ።

ስናሩ ሲያብብ ንብረትና አዝመራ ማሳውን ሊያዩ ወረዱ። ዝንብ እንደ ጉድ ሰፍሮበታል። ንብረት ዛላውን ሲይዘው እጁ ተጣበቀ። አዝመራም ጣቷን ላሰችና ሳቀች።

«አባዬ፣ ማር ማር ይላል!»

«እንግዲያ ቀፎ እንስቀልበታ» አላት። ሌላ ነገር አላሰበም።

ታኅሣሥ ላይ አጨዱ፣ ወቁ፣ ንብረትም አዘራው። ገለባው ሄደ። ፍሬው ውስጥ ግን የአውራ ዶሮ ጥፍር የመሰለ፣ ቀለስ ያለ ጥቁር ነገር ተቀላቅሎ ቀረ። ክብደቱ ከፍሬው ጋር እኩል ነው መሰል፣ ነፋሱ ሊለየው አልቻለም። የዓለምወርቅ በሰፌድ አድርጋ እያገላበጠች አየችው።

«ምነው እንዲህ ጠቆረ?»

«ስናር አይደል? ዝናብ መትቶት ነው።»

«ስናርማ አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው። እንልቀመው፣ አዝመራና እኔ ቀስ እያልን እንለቅመዋለን።»

ንብረት ክምሩን አየው። ከሌላው ጊዜ እኩሌታውን አያህልም። «ጥቁሩ ከስናሩ ተለይቶ አይወጣም። ስናሩን ከጣልነው ደግሞ ለሐምሌ የሚደርስ የለንም» አላት። «በምጣድ ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ተይው።»

የዓለምወርቅ ተወችው።

ከጥር ጀምሮ ያንን እህል በሉት፤ ቂጣ ሆነ፣ ገንፎ ሆነ፣ ጠላም ሆነ። በየካቲት አጋማሽ የዓለምወርቅ ጡት ነጠፈ። አንድ ቀን ወተት ነበረ፣ በሳምንቱ አልነበረም። ላማቸውም ከነጠፈች ቆይታለችና ለሕፃኗ የገብስ አጥሚት ያበጁላት ጀመር። አገኘሁሽ አጥሚቱን ወደደችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እጆቿ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጎረቤት ሴቶች ዓይን ነው አሉ፤ ቄስ መጥተው ደገሙላት። የካቲት ሳያልቅ ሞተች። ንብረት በነጠላ ጠቅልሎ ራሱ ተሸክሞ ወሰዳት። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ፣ በቆዳው ሥር ጉንዳን የሚሄድ ይመስል እግሩ ነዘረው። ከሐዘኑ ነው ብሎ ተወው።

ጉንዳኑ አልቆመም። ከዚያ እሳት ሆነ። ቀን ከበሬ ጋር ውሎ ሲመለስ ወንዝ ውስጥ እግሩን ነክሮ ይቀመጣል፤ ሲያወጣው ደግሞ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ስሜት አይኖረውም። የቀኝ እግሩ ጣቶች መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥለው ሰማያዊ ሆኑ፣ በመጨረሻ እንደ ከሰል ጠቆሩ። ሰውም ማየት ጀመረ። የወሩ የማርያም ማኅበር ዕለት ጽዋው ንብረት ጋ ሳይደርስ አለፈ።

ማግስቱን የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሰጠኝ ሊጠይቁት መጡ። ደጃፍ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ልጄ፣ ክፉ አሳቢ አታድርገኝ» አሉት። «ይሄ ነገር ሥጋ ደዌ ነው ይላል ሰው። እስኪለይለት ከማኅበሩ ቀረት ብትል ይሻላል። ጠበል ግባ።»

«ከዘሬ ሥጋ ደዌ የያዘው የለም፣ አያ ሰጠኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም እሱን ነው ያልኳቸው» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

ጠበል ገባ። ሁለት ሱባዔ ሰነበተ። እዚያ የሚበላው ተሳላሚ የሚያመጣውን የጤፍና የባቄላ ቂጣ ነበር፤ እሳቱ በረደለት፣ እንቅልፍም አገኘ። ዳነ ተብሎ እልል ተባለለት። ወደ ቤቱ ተመልሶ ከጎተራው እህል በበላ በሳምንቱ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። የዓለምወርቅ እመቤቴ ፊቷን አዞረችብን ብላ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም፤ የግራ እግሩም ጣቶች እየጠቆሩ ነበር።

ግንቦት ላይ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ሊጠጋው የደፈረው ፋንታሁን የሚባል ጎረቤቱ ነው። ሦስት ሰዎች ለምኖ በቃሬዛ እስከ ዳባት አወረደው፤ ከዚያም ከደባርቅ ገብስ ጭኖ በሚመጣ ማኪና ላይ አስተኝተው ከየዓለምወርቅ ጋር ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ላኩት። ፋንታሁን መንገዱን ሁሉ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፤ ሲሰናበተው ግን ገልጦ ሳመው።

በሐኪም ቤቱ ሐዲስ የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበለው። የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ የድጓ መምህር ነበሩና ሰው ሲያነጋግር የቤተ ክህነት ትሕትና አልጠፋበትም። ቁስሉን ሊያጥብ ጨርቁን ሲፈታ፣ ጠቁሮ የደረቀው የቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለይቶ በእጁ ቀረ። ደም አልነበረውም። ንብረት ሲለይ ያየው እንጂ ያመመው ነገር የለም። ሐኪሙ ድስት እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ በሳሕን ላይ አኖረው።

«ሥጋ ደዌ አይደለም» አለ። «አያ ንብረት፣ ምንድን ነው የምትበሉት?»

የዓለምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለስንቅ ያመጣችውን ቆሎ ፈታችለት። ሐኪም ሐዲስ በመዳፉ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰና አንዷን ጥቁር ፍሬ በምላጭ ከፈላት፤ የእጅ መነጽር ሰጥቶም ንብረትን አሳየው። ውስጧ ግራጫ ነበር።

«ይሄ ዘር አይደለም» አለው። «በቆየ ቂጣ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ያውቁታል?»

«አሳምሬ።»

«እንጉዳይንም ያውቃሉ። ጠላውን የሚያፈላውን እርሾም። ሁሉም ወገን ናቸው። እንደ ስናሩ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችሉም፤ ሌላው የሠራውን ነው የሚበሉ። ይሄኛው የስናሩን አበባ ይበላል። ፍሬ ሊያዝበት በነበረው ቤት እሱ ይቀመጥበታል።»

«ሲያብብ ማር የመሰለ ነገር ነበረው» አለ ንብረት። «ዝንብ ሰፍሮበት ነበር። ልጄም ቀመሰችው።»

«እሱ ራሱ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ዓይን የማያየው የሱ ዘር አለ፤ ዝንቡ በእግሩ ይዞ ከአበባ ወደ አበባ ያደርስለታል። ከዚያ ይጠቁርና ይደርቃል። የረገፈው አፈር ውስጥ ይከርማል፤ ዝናብ ሲመጣ የስፌት መርፌ ራስ የምታህል እንጉዳይ ያበቅልና ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ዝናብ የበዛበት ዓመት ለሱ ዓመት ነው።»

«እግሬንስ ምን አገኘው?»

«ደም የሚሄድበትን ሥር ያጠብበዋል። ልብ ደሙን ይልካል፣ ከጫፍ ግን አይደርስም። ደም ያልደረሰው ገላ ይሞታል። የእናትንም ወተት ያነጥፋል።» ሐኪሙ ይህን ያለው የየዓለምወርቅን ነገር ሳያውቅ ነበር።

ንብረት መነጽሩን መለሰለት። «አጥሚቱንም ከዚሁ ነው የሠራነው» አለ።

«የምን አጥሚት?»

የዓለምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ሐኪሙ ያኔ ገባው። ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሄደና የጣት ጫፍ የምታህል ጠርሙስ ይዞ መጣ። ለምን እንዳመጣት እሱም በደንብ ያወቀ አይመስልም።

«ይቺ መድኃኒት ከዚሁ ከጥቁሩ የምትወጣ ናት» አለው። «ተለክታ ስትሰጥ ታድናለች። ወልዳ ደሟ አልቆም ያላት ሴት በመርፌ ብትወጋት ማሕፀኗ ይኮማተራል፣ ደሙም ይቆማል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ሴቶች ተርፈውባታል።»

ንብረት ጠርሙሷን ተቀብሎ በብርሃን አያት። «እናቴ በደም ነው የሞተች፣ ታናሼን ስትገላገል። ከየት ነው የምታመጧት?»

«ከባሕር ማዶ።»

«እኛ ማሳ ላይ ሞልቶ» አለና ጠርሙሷን መለሰለት።

የዓለምወርቅ ስትመለስ ሐኪም ሐዲስ የሚቻለውን ሁሉ ነገራቸው። ያን እህል አትብሉ፤ ግድ ከሆነ ጨው እስኪበዛበት በተበጠበጠ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፣ ደኅናው ይሰጥማል፣ ጥቁሩ ይንሳፈፋል፣ ገፋችሁ ድፉት፤ ማሳውን አጥልቃችሁ እረሱት፣ ጠልቆ የተቀበረው መውጣት አይችልም። ለወረዳውም ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እህል ይላካል ብሎ ቃል ገባ። የዓለምወርቅ ቃል በቃል እየደገመች ያዘችውና ንብረትን ከሐኪም ቤቱ ትታ፣ ዘር ሳይዘራ ልድረስ ብላ ወጣች።

ስትደርስ ፋንታሁን እህሉን ከአዝመራ ተቀብሎ ዘርቶላቸዋል። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ለከብቶቹ የነበረውን አሞሌ ጨው ሰብራ በጋን ውኃ በጠበጠች። የመንደሩን ሴቶች ጠርታ፣ አያ ሰጠኝም ባሉበት፣ አንድ ቁና ገብስ በጋኑ ገለበጠችው። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ጥቁሩ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ እያለ የውኃውን ፊት ሸፈነው።

«አያችሁ!» አለች በደስታ። «ይሄ ነው የፈጀን!»

ሴቶቹ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። አንዷ አማተበች።

«እህል ሲጠሩት ይመጣል እንዴ?» አለች ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ድግምት ነው።»

«ምን ድግምት አለው? ጨው ነው! እናንተም ቤት ሞክሩት!»

«ልጄ» አሉ አያ ሰጠኝ፣ «አባቶቻችን ስናር በልተው ነው የኖሩ። እህልን በጨው ውኃ የሚያጥብ አገር አልሰማንም። ደግሞስ ይህን ደፍተን ምን እንብላ? ሐኪሙ ይሰጠናል?»

ከወረዳው የመጣ እህል የለም። የዓለምወርቅ የራሷንና የአዝመራን ቀለብ ጨው እስኪያልቅ በጨው፣ ጨው ካለቀ በኋላ በጣቷ እየለቀመች ክረምቱን ገፋች። በቀን የሚለቀመው ለሁለት ሰው አንዳንድ ቂጣ አይሞላም ነበር።

ንብረት በነሐሴ መጨረሻ በምርኩዝ ተመለሰ። ቀኙ ከቁርጭምጭሚት በታች የለም፤ የግራው ጣቶች የሉም። ሐኪም ሐዲስ ያኔ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሯል፤ ስለ ደብዳቤው የጠየቃቸው ሁሉ አናውቅም አሉት። ፋንታሁን ማሳውን በእኩል ሊያርስለት ተቀብሎ ነበርና ንብረት እቤቱ ድረስ በምርኩዝ ሄዶ ለከርሞው አጥልቀህ እረስልኝ አለው። ፋንታሁን ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን በሬዎቹ ከስተዋል፣ የራሱም ማሳ አለ። ኋላም እንደተለመደው አፈሩን ጭሮ አለፈ።

ያም ክረምት ረዥም ነበር። በመስከረም ንብረት በቂጡ እየተንፏቀቀ ማሳው ውስጥ ገባ። በእርጥቡ አፈር ላይ፣ በስናሩ ሥር፣ ሐኪሙ ያለውን አየ፤ ባለ ቀጭን አገዳ፣ ራሳቸው ክብ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ ብዙ ነገሮች። በጥፍሩ እየነቀለ በጋቢው ጫፍ ሰበሰበ። ቀኑን ሙሉ ቢነቅል ያጸዳው ቦታ የአንድ በሬ መኝታ አይሆንም። ቀና ብሎ ሲያይ ማሳው እስከ ረግረጉ፣ ከረግረጉ ማዶ ያለውም የሰዉ ማሳ ሁሉ፣ አብቦ ይወዛወዛል። ምርኩዙን ተደግፎ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

በዚያ ምርት የአያ ሰጠኝ ምራት አስወረዳት። የአንድ ወንድ ልጅ ጣቶች ጠቆሩ። ከላይኛው ጎጥ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ንብረት በየቤቱ እየሄደ ጥቁሩን ልቀሙ፣ አምጡልኝ እኔ ልልቀምላችሁ ይል ነበር፤ ነገር ግን በምርኩዝ ሲመጣ ያዩት በር ይዘጋሉ። አንድም ሰው እህሉን በሱ እጅ ሊያስነካ አልፈለገም። የካቲት ላይ አያ ሰጠኝና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ።

«እኛ አላልንም» አሉ አያ ሰጠኝ፤ ዓይናቸው አብጧል፣ አልተኙም። «ሰው ግን ከዚህ ቤት ነው የጀመረው ይላል። ያ ጋንም አለ። ቤቱን ያቃጥሉብሃል ብዬ ፈራሁ። ሂዱልን፣ ልጄ። ስለ ወላዲተ አምላክ።»

ንብረት ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ አየ። የትንሿ ጣታቸው ጫፍ ነጥቶ ነበር።

«አያ ሰጠኝ፣ ያቺ ጣትዎ ትነዝራለች?»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው አስገቡ። «የብርድ ነው» አሉ።

ንብረትና የዓለምወርቅ አዝመራን ይዘው ሄዱ። ጎንደር ወርደው ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንዲት የጭቃ ደሳሳ ጎጆ ተጠጉ። አዝመራ ከአንድ የባለሥልጣን ቤት በሠራተኝነት ገባች፤ በወር አንድ ቀን ትመጣለች፣ ቀስ በቀስም መምጣቷ እየሳሳ ሄደ። የዓለምወርቅ ለጠላ ቤት ውኃ ትቀዳለች። ንብረት ሥራ የለመነው ከእህል በረንዳ ነው፤ ተቀምጬ ልልቀም፣ ዓይኔና ጣቴ ደኅና ናቸው አለ። አንድ ነጋዴ ወስዶት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠጠርና እንክርዳድ ለቀመ። እጁ ፈጣን ነበር። አንድ ቀን ገዢ ሴት ጨርቁ የተፈታበትን እግሩን አይታ ጮኸች፤ ነጋዴውም ከዛሬ ወዲያ አትምጣ አለው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ደብር ቅጽር በር ከሌሎቹ ለማኞች ጋር ተቀመጠ። ሥጋ ደዌ አይደለም ብሎ ማስረዳቱን ተወው፤ የሚሰጠው ሰው ያን አይጠይቅም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ፋንታሁን ጥምቀት ለማክበር ጎንደር መጥቶ ከጎጆው ደጃፍ ፈልጎ አገኘው። ትንሽ ስልቻ ገብስ ይዞለታል። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። አያ ሰጠኝ ባለፈው ክረምት እንዳረፉ ነገረው።

«እህሉስ?» አለ ንብረት።

«ዘንድሮ ሸጋ ነው። ዝናቡ በጊዜ ገባ፣ በጊዜ ወጣ። ጥቁር የሚባል አላየንም።»

«ዝናቡ ስላጠረ ነው። እሱ ርጥበት ይፈልጋል። ስማኝ፣ ፋንታሁን፣ አልጠፋም፤ አፈር ውስጥ ይቆያል። ዝናብ የበዛበት ዓመት ይመለሳል። ያን ጊዜ...»

«እሺ» አለ ፋንታሁን። ለበሽተኛ የሚባለው ዓይነት እሺ ነበር።

ንብረት ስልቻውን ወደ ራሱ ሳበ። «ሰው ምን ይላል?»

ፋንታሁን መሬት መሬት አየ። «ተወው ባክህ።»

«ንገረኝ።»

«እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ ነው ደዌው የተወን ይላሉ። ዘንድሮ ለማርያም ወይፈን አርደው አመሰገኑ።» ከዚያ ቸኩሎ ጨመረ፣ «እኔ አልበላሁም።»

ፋንታሁን ከሄደ በኋላ ንብረት ገብሱን በጋቢው ላይ አፍስሶ አንድ በአንድ አየው። ንጹሕ ነበር። የዓለምወርቅ ከውኃ ስትመለስ እንስራዋን አውርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ፋንታሁን መጥቶ ነበር አሉኝ። ምን ይላል?»

«ደኅና ናቸው» አላት።

ገብሱን ወደ ስልቻው መልሳ አስገባችው። ከቀሐ በኩል የታቦቱ ከበሮ ይሰማል፤ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደዚያ ይወርዳል። ንብረት ምርኩዞቹን ሳበና በዓሉ ሳይበተን ከሰው መንገድ ዳር ለመድረስ ተነሣ።